የገብረወልድ ጆሮና ሁለቱ ሞተሮች

የገብረወልድ ጆሮ መክዳት ከጀመረ ሁለት ዓመት አልፎታል። ይህን ከራሱ በቀር አንድም ሰው አያውቅም፤ ሚስቱ የሺአረግ እንኳ አታውቅም። እሷ የምታውቀው ባሏ በስተርጅና ጠባዩ መበላሸቱን ብቻ ነው። «ስጠራህ ዝም፣ ስነግርህ ዝም! ኧረ ምን በድዬህ ነው?» ትለዋለች። እሱም «ሐሳብ ይዞኝ ነው» ብሎ ይገላገላታል። ሰፈርተኛውም ያው ነው። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው እንዲሉ፣ «ገብሬ ዘንድሮ ኮርቷል፣ ሰላም ሲሉት አይመልስም» የሚለው ሐሜት ከተማውን አዳርሶ ሲያበቃ ነው እሱ ዘንድ የደረሰው። ሲነግሩት ታዲያ አልተቆጣም፤ እንዲያውም እፎይ አለ። የኮራ መካኒክ እንጀራው አይቋረጥም። የማይሰማ መካኒክ ግን አለቀለት።

ገብረወልድ የሚበላው በጆሮው ነዋ! በአሥራ ስድስት ዓመቱ ምድር ባቡር ወርክሾፕ ገብቶ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ብረት ሲቀጠቀጥ የዋለ ሰው ነው። ሥራው ሲቀዘቅዝ ለገሃሬ አጠገብ ኒም ዛፍ ሥር ትንሽ ጋራዥ ከፈተ። ከዚያ ወዲህ ድሬዳዋ ውስጥ ያገለገለ ሞተር ወይም ባጃጅ የሚገዛ ሰው መጀመሪያ እሱን ይዞ ይሄዳል። ገብሬ ረጅሙን ካቻቢቴውን ከኪሱ ይመዛል፤ ጫፉን ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ጆሮው ላይ ደግኖ ዓይኑን ይጨፍናል። ማንም አይተነፍስም። ከዚያ ከሁለት ቃል አንዱን ይናገራል፤ «ውሰድ» ወይም «ተወው»። ደመወዙም ዝናውም ይኸው ነው።

«ውሰድ» ካለ ገዢና ሻጭ እጅ ለእጅ ይያያዛሉ፤ ታላቅ የሆነ ሰው ዱዓ ያደርጋል፤ የቆመው ሁሉ መዳፉን ዘርግቶ «አሚን» ይላል። ገብረወልድ ክርስቲያን ቢሆንም አብሮ እጁን ዘርግቶ አሚን ሲል ነው የኖረው፤ በልቡ በስመ አብን ያክልበታል። ድሬ ላይ ይህ ወሬም አይሆን። ዱዓ የተደረገበት ገበያ ግን አይፈርስም። ከዚያ በኋላ «ዕቃው ነቀፋ አለበት» ብሎ የሚመለስ ሰው በምን ፊቱ ከተማ ውስጥ ይዞራል?

መጀመሪያ የከዳው ቀጭን ቀጭኑ ድምፅ ነው። የከባድ መኪና ጥሩምባ ይሰማል፤ የሰው ወፍራም ድምፅም ይሰማል። የስልክ ጥሪ፣ ኒሙ ላይ የሚንጫጩት ወፎች፣ የፈላ ውሃ ፉጨት ግን ጥርግ ብለው ሄዱ። ጉዱ ደግሞ እዚህ ላይ ነው፤ የሞተር በሽታ ሲጀምር ቀጭን ነው። ወፍራም ሆኖ እስኪመጣ ድረስ ከጠበቁት ነገሩ ለቅሶ ነው። ስለዚህ ገብረወልድ ሁለት ዓመት ሙሉ ዘይት በጣቱ እያሸ፣ የካንዴላ ቀለም እያየ፣ መዳፉን ብረት ላይ እየለጠፈ ሲገምት ከረመ፤ ካቻቢቴውን ጆሮው ላይ የሚደግነው ለሰው ዓይን ነው። በየሳምንቱ «ከዛሬ በኋላ አልሄድም» ይላል። በየሳምንቱ አንድ ሰው ይመጣል፤ እሱም ኮፍያውን አድርጎ ይነሳል።

ጦልሃ የመጣው በዚህ መሀል ነው።

ጦልሃ የሙመድ ልጅ ነው። ሙመድ ማለት ወርክሾፑ ውስጥ ከገብረወልድ ጋር አንድ ጠረጴዛ ላይ ሃያ ሁለት ዓመት የሠራ፣ ከአንድ ሰሃን የበላ ጓደኛው ነበር፤ ከሞተ ስድስት ዓመቱ ነው። ልጁ ጅቡቲ ወደብ ላይ ሲለፋ ቆይቶ ተመልሶ የሞባይል ሱቅ ከፍቷል። እድሜው ሠላሳ ደርሷል፤ ግን ስፖርት ሞተር ሲያይ አሁንም የአሥር ዓመት ልጅ ነው። ለሥራ ቢሉት ለሥራ አይደለም፤ ለነፍሱ ነው። መጋላ ያለው ነጋዴ ካሂን ደግሞ ያገለገሉ ሁለት ስፖርት ሞተሮች በጅቡቲ በኩል አስገባ፤ አንዷ ቀይ ጣሊያን፣ አንዱ ሰማያዊ ጃፓን። ጦልሃ እንቅልፍ አጣ።

እናቱ መድና መጀመሪያ «ሞተር የሚባል ነገር ደጄ አይቆምም፣ ወላሂ!» ብላ ነበር። ልጁ ሁለት ወር አኮረፈ። በመጨረሻ «ሀዬ፣ ግዛ። ግን ገብሬ አዳምጦት ደህና ነው ካለ ብቻ» አለች።

«ጋሼ፣ ቅዳሜ ጠዋት ካሂን ጊቢ ትመጣለህ አይደል?» አለው ጦልሃ ኒሙ ሥር ቆሞ። ድሬ ላይ አንቱታ ብዙም አይሠራም፤ ጋሼ ካሉ በቂ ነው። «ያላንተ እናቴ አታምንም።»

«እመጣለሁ» አለ ገብረወልድ።

ሳምንቱን ሙሉ ጋራዡ ሌላ ወሬ አልነበረውም። ከምሳ በኋላ ፀሐዩ ሲበረታ፣ ጫት የያዘውም ያልያዘውም ኒሙ ሥር ምንጣፍ ላይ ጋደም ሲል፣ ጣሊያንና ጃፓን ይጀመራል። ቀፊራ መለዋወጫ የሚሸጠው አብሺር የጃፓን ጠበቃ ነው።

«ዋሪያ ጦልሃ፣ ስማኝ! ጣሊያኗ ቆንጆ ሚስት ናት፤ ስታኮርፍ የምታስታርቅህ ዘመድ ግን እዚህ የላትም። ለጃፓን ዕቃ ቀፊራ ብታጣ መጋላ፣ መጋላ ብታጣ ጅጅጋ ታገኛለህ። ለጣሊያኗ አንዲት ብሎን ብትጠፋህ ሮም ልትደውል ነው?»

«ጅቡቲ የሚያስመጣልኝ ሰው አለኝ» ይላል ጦልሃ።

«ስንት ወር ቆሞ? ደግሞስ የኛን ፀሐይ ትችላለች? ግንቦት ላይ እኔና አንተ እንኳ አልቻልነውም! ትራፊክ መብራት ላይ ሁለት ደቂቃ ስትቆም ጭንህን ትጠብስሃለች።»

«አቦ ተወኝ! ጃፓኑን እኮ ነዳሁት። ምንም አይወጣለትም። ግን ሞተር የነዳሁ አልመሰለኝም፤ ዝም ብሎ ነው የሚሄደው። ጣሊያኗ ታናግርሃለች። ስትነሳ ደረትህ ውስጥ ነው የምትነሳው።»

«ታናግርህ! ስትነዳ ወሬ ምን ያደርግልሃል?»

ሁሉም ይስቃል። ከዚያ ወደ ገብረወልድ ዞረው «አንተስ ምን ትላለህ?» ይሉታል። እሱም በቀልድ ያመልጣል። «ፍሬን፣ ፍሪሲዮን፣ ካንዴላ፣ ኩሽኔታ፣ ይሄ ካቻቢቴ ራሱ፣ የመካኒክ አፍ ሁሉ ጣሊያን ነው። ዕቃ ሲገዛ ግን ጃፓን ይገዛል» ይላቸዋል። ይስቁለታል። እሱ ውስጡ አይስቅም። «ዝም ብሎ ነው የሚሄደው» የምትለዋ የጦልሃ ቃል አንጀቱ ውስጥ ገብታ ተቀምጣለች።

ልጁ የሚያወራው ደንገጎን ነውና። ከድሬ ወደ ሐረር ሲወጣ ያለውን ያን ጠመዝማዛ ዳገት በሞተር መውጣትና መውረድ ነው የሚመኘው። የባጃጅ ሞተር ቢበላሽ ባጃጁ ይቆማል፤ ተሳፋሪ ወርዶ ይሳደባል፤ አለቀ። ስፖርት ሞተር በዚያ ፍጥነት ቁልቁል ሲወርድ ውስጡ ዘንጉ የሚዞርበት ኩሽኔታ ነክሶ ቢይዝ ግን የኋላ ጎማው ባለበት ቀጥ ይላል። ልጁ ገደል ነው። ያ ኩሽኔታ ከመንከሱ በፊት የሚያሰማው ደግሞ ቀጭን ፉጨት ብቻ ነው። ገብረወልድ ይህን እያሰበ የታጠበውን እጁን መልሶ በነዳጅ ያጥብ ነበር።

ምነው ጣሊያኗን ውሰድ ባልኩት፣ ብሎም አሰበ። ድምፃም ናት፤ ያለባትን ትናገራለች። መለዋወጫዋ አብሺር እንዳለው ቢሆንም ሞተሯ ግን ጎበዝ ነው። ወዲያው ራሱን ጠረጠረ። «ጣሊያኗን የወደድኳት ጥሩ ስለሆነች ነው ወይስ ስለምትሰማኝ?» ይህን መመለስ አቃተው። የገዛ ምክሩን የማያምን መካኒክ ምን ይባላል? መታመምም አሰበ። «ሪህ ተነሳብኝ» ቢል ማን ይከራከረዋል? ግን እሱ ቢቀር ጦልሃ ከመንገድ አንዱን መካኒክ ይይዛል፤ ያ ደግሞ ከካሂን ሻይ ከተጋበዘ ሬሳም ቢሆን «ደህና ነው» ይላል።

ረቡዕ ዕለት መድና ራሷ ጋራዥ መጣች። ሳምቡሳ በፌስታል ይዛለች። በርጩማ ስቦላት ተቀመጠች።

«ገብሬ፣ ሙመድ ቢኖር እሱ ያዳምጥለት ነበር። እሱ የለም። የቀረኸኝ አንተ ነህ» አለችው። «ሰው ሁሉ ጣሊያን፣ ጃፓን ይላል፤ እኔ ምኑንም አላውቅም። አንተ ውሰድ ካልከው ግን ልጄ ሲወጣ ዓይኔን መንገድ ላይ አልተክልም።»

ገብረወልድ ሊነግራት አፉን ከፈተ። እግዚአብሔር ያውቃል፣ ሊነግራት ነበር። ከአፉ የወጣው ግን «አታስቢ መድና፣ እኔ እያለሁ» የሚል ነው። ያቺን ቃል ሲያወጣት ምላሱን ቢነክሰው ምን ነበር! መድና መርቃው ሄደች። ሳምቡሳውን አልበላውም፤ ለአብሺር ሰጠው።

ቅዳሜ ጠዋት ካሂን ጊቢ ደረሰ። ሁለቱ ሞተሮች ታጥበው፣ ዘይት ተቀብተው ግድግዳ ሥር ቆመዋል። ጦልሃ በመካከላቸው ይንቆራጠጣል። መድና ሻሿን አጥብቃ አስራ በሩ አጠገብ ቆማለች። ካሂን ሽበታም፣ ረዘም ያለ ሰው ነው፤ ነገር ማንዛዛት አይወድም። ፍሪሲዮኑን ጨብጦ ጣሊያኗን አስነሳት።

ጊቢው ተናወጠ። ከወፍራሙ ድምፅ ሥር ጠጠር የተሞላ ጣሳ የሚያንቀጫቅጡ የሚመስል ነገር ይሰማል። መድና ሁለት እጇን ጭንቅላቷ ላይ ጫነች።

«ያ አላህ! ይሄማ ተሰብሯል!»

ጦልሃም ክው አለ። ገብረወልድ ግን በሳምንቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለ፤ ይህን ይሰማዋል፣ ያውቀዋልም። «ልቀቀው ካሂን፣ ፍሪሲዮኑን ልቀቀው» አለ። ካሂን ሲለቀው መንቀጫቀጩ ቀነሰ። «አያችሁ? የዚች ዓይነት ሞተር ፍሪሲዮኗ ደረቅ ነው፤ ዘይት ውስጥ አይነከርም። ሲይዙት ይንጫጫል። ጠባይዋ ነው እንጂ በሽታ አይደለም።» ሁሉም ተገረመ። ጦልሃ ፊቱ በራ። ገብረወልድ ካቻቢቴውን ደግኖ አጎነበሰ፣ ዓይኑን ጨፈነ። ከዚህ ሁሉ ጫጫታ ሥር ቀጭን ነገር ቢኖርስ? እሱን አያውቅም። ቀና ብሎ «ሌላኛውን አስነሳው» አለ።

ጃፓኑ ተነሳ። መነሳቱን ያወቀው የካሂን ጣት ቁልፉን ሲጫን ስላየ ነው። እጀታው ጆሮው ላይ ነው፤ መዳፉ ላይ እንደሚያንኮራፋ ድመት ይርገበገባል፤ ጆሮው ግን ባዶ ነው። ጋዝ እንዲጨምርለት ምልክት ሰጠ። አንድ ወፍራም ጉምጉምታ መጣ፤ ሌላ ምንም። ዓይኑን ጨፍኖ ያን ባዶ ውስጥ ፈለገ፣ ፈለገ። ዝም ያለው ሞተሩ ነው ወይስ እኔ ነኝ?

«ማሻአላህ!» አለች መድና፤ ከንፈሯን አየ። «እንዲህ ነው እንጂ!»

ጦልሃ ቀዩዋን አንዴ አያት፤ እንደ ሰው ነው የተሰናበታት። «እሺ፣ ለእናቴ ብዬ ጃፓኑን» አለ።

ሁሉም ወደ ገብረወልድ ዞረ። ገብረወልድ አልተናገረም። መናገር ያቃተው መሆኑን ማን ይጠርጥር? ድሮም እሱ አዳምጦ ሲያበቃ ቃሉን ለማውጣት ይዘገያል። ካሂን እንደ ልማዱ ነገሩን አሳጠረው። «ነቀፋ ቢያገኝ ኖሮ ገና ድሮ ተወው ባለ ነበር። በሉ፣ ዱዓ እናድርግ» ብሎ የጦልሃን እጅ ያዘ፤ ከዚያ መዳፉን ዘረጋ። ጦልሃ ዘረጋ። መድናም ዘረጋች። የገብረወልድም እጆች፣ አይ ልማድ፣ ራሳቸው ተነስተው ተዘረጉ።

ካሂን ጀመረ። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። አሚን ከተባለ በኋላ መመለስ የለም። ገብረወልድ የዘረጋቸውን መዳፎቹን አየ፤ በዘይት የጠቆሩ ናቸው። መድናን አየ፤ ዓይኗን ጨፍና ከልቧ ነው የምትለምነው።

«ቁም!» አለ። ጮኾ ነው ያለው። «ካሂን፣ ቁም! አታድርግ!»

ዱዓ ማቋረጥ! ካሂን መዳፉን እንደዘረጋ ቀረ። «ምን ሆንክ አንተ?»

«ጆሮዬ አይሰማም። ደንቁሬያለሁ። ሁለት ዓመቴ ነው። ይሄ ሞተር ደህና ይሁን አይሁን አላውቅም። ምንም አልሰማሁም።»

ካሂን ሊስቅ ሞከረ። «አቦ፣ ቀልድ ተው!» ማንም አላገዘውም። ጦልሃ ከአሁን አሁን ይስቃል ብሎ የገብረወልድን ፊት ያያል። የገብረወልድ ፊት ደግሞ የሚሳቅበት ዓይነት አልነበረም።

«ና» አለው ጦልሃን። ካቻቢቴውን በእጁ አስያዘው። «እዚህ ጋ አድርግ። ጫፉን እዚህ፣ እጀታውን ጆሮህ ላይ። ዓይንህን ጨፍን። ወፍራሙን ተወው፤ ከሥሩ ያለውን ፈልግ።»

ጦልሃ አጎነበሰ። ቆየ። «አንድ ነገር አለ» አለ ቀና ብሎ፤ ገብረወልድ እንዲሰማው ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ ቃሉን እየለየ ነው የተናገረው፤ ይህች ጥንቃቄው አሳዘነችው። «ቀጭን ፉጨት።»

«ጋዝ ስትሰጠውስ?»

«አብሮ ይከተላል። ይቀጥናል።»

«ፍሪሲዮን ያዝና አዳምጥ።»

ያዘ፣ አዳመጠ። «አይጠፋም።»

ገብረወልድ ራሱን ነቀነቀ። «ኩሽኔታ ነው፤ የዋናው ዘንግ። ውስጡን ሊነክስ ነው። ያልሰማችሁት እኔን አምናችሁ ነው እንጂ እሱስ እየጮኸ ነበር።»

ካሂን ሞተሩን አጠፋው። የነጋዴ ቁጣ ፊቱ ላይ መጣ፤ ግን ዱዓውን ራሱ ጀምሮት ስለነበር ቁጣው ወዴት እንደሚሄድ ጠፋው። «ወላሂ፣ እኔ አላወቅሁም» አለ። «ነቀፋው ቢያልፍ ኖሮ በእኔ ዱዓ ነበር የሚያልፈው።» ሄዶ ደረጃው ላይ ተቀመጠ።

ገብረወልድ ቀለለው። እንዳይዋሽ፣ ቀለለው። ስድብ ይመጣል ብሎ ሲጠብቅ መድና በቀስታ መጥታ ፊት ለፊቱ ቆመች። ፊቷ አመድ መስሏል። ከንፈሯን እንዲያይ ቀጥ ብላ ነው የተናገረችው።

«ገብሬ። በረመዳን ለፋርሂያ ባል ያዳመጥክለት ባጃጅስ?»

ፋርሂያ ልጇ ናት፤ የጦልሃ እህት። ገብረወልድ መልሱን ያውቃል። ያን ቀን የፊት ጎማውን በእጁ አሽከርክሮ፣ ዘይቱን አይቶ «ውሰድ» ብሏል። የጎማ ኩሽኔታ በሽታ ሲጀምር ግን በጆሮ እንጂ በእጅ አይታወቅም፤ ሲብስ ጎማውን ይነቅላል።

«እሱንም አልሰማሁትም» አለ።

መድና አልጮኸችም። ምነው በጮኸች! ስልኳን አወጣች፤ ቁጥሩ እምቢ አላት፤ ጦልሃ ነጥቆ ደወለና ጆሮዋ ላይ አደረገላት። «ጠዋት ነግራኛለች፤ ልጆቹን ይዘው ቢዮ አዋሌ አማቷ ጋ እየሄዱ ነው» አለ ጦልሃ። «መንገድ ላይ ናቸው።»

ገብረወልድ የስልኩ ጥሪ አይሰማውም። ጠርቶ ይሁን፣ ዘግቶ ይሁን፣ ፋርሂያ ታንሳ አታንሳ አያውቅም። የመድናን ፊት ብቻ እያየ ቆመ። በሕይወቱ እንደዚያ ሰዓት የረዘመ ነገር አላየም። መድና ዓይኗ መሬት ላይ ተተክሏል። ከዚያ ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ።

«ውረዱ» አለች። «አሁን። ባላችሁበት ያቁም። ልጆቹን ይዘሽ ውረጂ። ለምን አትበዪኝ፣ ውረጂ ብቻ።» አዳመጠች። «ወረዳችሁ? ሁላችሁም? አልሐምዱሊላህ።»

ገብረወልድ ደረጃው ላይ ካሂን አጠገብ ተቀመጠና ፊቱን በዘይታም መዳፉ ሸፍኖ አለቀሰ። ትከሻውን ሰው ነካው። ቀና ሲል መድና ናት። ስልኩ እጇ ላይ ነው። ይቅር አለማለቷ ፊቷ ላይ ተጽፏል፤ መቼ እንደምትል ወይም ትል እንደሆን እንጃ።

«ቀጥሎ ማን አለ?» አለችው።

«ምን?»

«በዚህ ሁለት ዓመት ውሰድ ያልከው። ሁሉንም። ስም በስም ንገረኝ።»

ገብረወልድ ዓይኑን ጠረገ። ለማስታወስ አልተቸገረም፤ ሁለት ዓመት ሙሉ አንዳቸውም ከአእምሮው ወጥተው አያውቁም።

«ዓለምሰገድ» አለ። «ሳቢያን ሰፈር ነው ያለው። ተማሪ ነው የሚያመላልሰው።»

ጦልሃ ቁጥሩን መፈለግ ጀመረ።